የስም ፍለጋ ሲታወክ፦ የሰርቨር ዲኤንኤስ ቅንብር ብልሽት እንዴት ይመረመራል?

መግቢያ

በአንድ ተቋም ውስጥ ለዓመታት ያለ ችግር ሲሠራ የቆየ ሰርቨር አንድ ቀን ምክንያቱ ሳይታወቅ ይዘገያል። ተጠቃሚዎች ወደ ሰርቨሩ ለመግባት ሲሞክሩ የይለፍ ቃል መጠየቂያው ከመምጣቱ በፊት 10 ሰከንድ ያህል ይጠብቃሉ፤ ኢሜይል በወረፋ ይከማቻል፤ ድረ ገጹም አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ደግሞ አይከፈትም። የሚያስገርመው ግን የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ሥራ ፈትቶ መቀመጡ፣ ማኅደረ ትውስታውም አለመሙላቱ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት፣ ፕሮግራሞቹን እንደገና መጫን፣ አለዚያም «መስመሩ ጠቧል» በማለት ለተጨማሪ የኢንተርኔት አቅም በጀት መጠየቅ ነው። ይሁን እንጂ የጥፋቱ ምንጭ በአንዲት አነስተኛ ፋይል ውስጥ የተጻፈች አንዲት መስመር ልትሆን ትችላለች።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ሰርቨር የኮምፒውተር ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጥበት ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲታወክ ምን ዓይነት ምልክት እንደሚያሳይና ባለሙያው ከምልክቱ ተነሥቶ ወደ ምክንያቱ እንዴት እንደሚደርስ ማስረዳት ነው። ፍሬ ነገሩን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ የስም ፍለጋ ብልሽት በግምት የሚፈታ እንቆቅልሽ አይደለም። የመልሱ ዓይነትና መልሱ እስኪመጣ ድረስ ያለፈው ጊዜ በአንድነት ሲታዩ ጥፋቱ ያለበትን ቦታ ይጠቁማሉ።

ከአንድ ዝርዝር ወደ ዓለም አቀፍ ሥርዓት

ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ነው። ሰዎች ግን ከቁጥር ይልቅ ስም ማስታወስ ይቀላቸዋል። የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት ዘመን በስምና በቁጥር መካከል ያለው ዝምድና «ሆስትስ» በተባለ አንድ ፋይል ውስጥ ይመዘገብ ነበር። ፋይሉን የሚያዘጋጀው ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ሥር የነበረውና ኤልዛቤት ፋይንለር ይመሩት የነበረው የመረጃ ማዕከል ነው። አዲስ ኮምፒውተር ሲጨመር ለማዕከሉ ይነገራል፤ ሌሎቹም የታደሰውን ፋይል በየጊዜው እየገለበጡ ይወስዳሉ።

የኮምፒውተሮቹ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ይህ አሠራር ሸክሙን መቋቋም አቃተው። ፋይሉ ረዘመ፤ ለውጡም በየዕለቱ ሆነ፤ በአንድ ማዕከል ላይ የወደቀው ኃላፊነት ከአቅም በላይ ሆነ። በመሆኑም ፖል ሞካፔትሪስ የተባሉት የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 በምሕጻረ ቃል ዲኤንኤስ የሚባለውን የዶሜይን ስም ሥርዓት ነደፉ። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1987 በተሻሻሉ ሁለት ሰነዶች የተደነገገ ሲሆን፣ እነዚህ ሰነዶች ብዙ ማሻሻያ ቢታከልባቸውም ዛሬም የአሠራሩ መሠረት ናቸው። የንድፉ ዋና ሐሳብ ኃላፊነትን ማከፋፈል ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ስሞች ራሱ ይመዘግባል፣ ለሌላው ጥያቄም ራሱ ይመልሳል።

አንድ ስም የሚፈለግበት መንገድ

የዶሜይን ስም አወቃቀር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የእኛ ሙሉ ስም ከራስ ስም ተነሥቶ ወደ አባት፣ ከዚያም ወደ አያት እንደሚሄድ ሁሉ፣ የዶሜይን ስምም ከኮምፒውተሩ ተነሥቶ ወደ ተቋሙ፣ ወደ ዘርፉና ወደ አገሩ ይወጣል። «ዌብ ነጥብ ሳይንስ ነጥብ ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» የሚል ምናባዊ ስም ብንወስድ «ዌብ» ልጁ፣ «ሳይንስ» አባቱ፣ «ኢዲዩ» አያቱ፣ የኢትዮጵያ መለያ የሆነው «ኢቲ» ደግሞ ቅድመ አያቱ ነው። ፍለጋው የሚካሄደው ግን በተቃራኒው፣ ከቅድመ አያቱ ወደ ልጁ ነው።

በዚህ ሂደት ውስጥ ሦስት ወገኖች ይሳተፋሉ። የመጀመሪያው በሰርቨሩ ውስጥ ያለው ጠያቂ ነው፤ ይህ ለድረ ገጹ፣ ለኢሜይሉና ለሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ በጋራ የሚያገለግል አነስተኛ የፕሮግራም ክፍል ነው። ሁለተኛው በተቋሙ ወይም በኢንተርኔት አቅራቢው ዘንድ የሚገኝ ፈላጊ ሰርቨር ነው፤ ጠያቂውን ወክሎ የሚደክመው እርሱ ነው። ሦስተኛው ስለ ስሙ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ባለቤት ሰርቨር ነው።

ፈላጊው ሰርቨር በመጀመሪያ ሥር ሰርቨሮችን ይጠይቃል። እነዚህ ከ«ኤ» እስከ «ኤም» በተሰየሙ 13 ስሞች የሚታወቁና በ12 ድርጅቶች የሚተዳደሩ ሲሆኑ፣ በእነዚህ ስሞች ሥር በዓለም ዙሪያ የተሰራጩት መሣሪያዎች ግን ከ1,000 ይበልጣሉ። ሥር ሰርቨሩ የስሙን አድራሻ አያውቅም፤ «የኢቲን ሰርቨሮች ጠይቅ» ብሎ ይመራል። የኢቲ ሰርቨርም እንዲሁ ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ ይመራል። በመጨረሻም ባለቤቱ ሰርቨር አድራሻውን ይሰጣል። ፈላጊው ሰርቨር ያገኘውን መልስ በጊዜያዊ ማስታወሻው ስለሚያኖር፣ በቀጣዩ ጊዜ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲመጣ ይህን ሁሉ መንገድ መጓዝ አያስፈልገውም። የቆይታውን ዕድሜ በሰከንድ የሚወስነው ግን የስሙ ባለቤት ነው።

የ5 ሰከንዱ ምልክት

በሊነክስ ሰርቨር ላይ የፈላጊ ሰርቨሮቹ አድራሻ በአብዛኛው «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ» በሚባል አጭር ፋይል ውስጥ ይጻፋል። ፋይሉ ቀላል ቢመስልም ሦስት ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ ጠያቂው የሚያነበው እስከ 3 የሚደርሱ አድራሻዎችን ብቻ ነው፤ አራተኛው ቢጻፍም ያለ ማስጠንቀቂያ ይተወዋል። ሁለተኛ፣ የፊደል ስሕተት ያለበትን መስመር እንዳላየ አልፎት ይሄዳል። ሦስተኛ፣ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር ምንጊዜም በቅድሚያ የሚጠይቀው በመጀመሪያ የተጻፈውን ሰርቨር ነው፤ መልስ ሲያጣ 5 ሰከንድ ጠብቆ ወደ ተከታዩ ይሻገራል፤ ከማንኛቸውም ካላገኘ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ደግሞ ተስፋ ይቆርጣል።

አሁን ሁለት ፈላጊ ሰርቨሮች ተጽፈው የመጀመሪያው ከአገልግሎት ወጥቷል እንበል። ሁለተኛው ጤነኛ በመሆኑ ስሞች ሁሉ ይገኛሉ። የስሕተት መልእክት የለም፤ «ተበላሸ» የሚባል ነገርም አይታይም። ነገር ግን እያንዳንዱ ፍለጋ 5 ሰከንድ ይፈጃል። ከርቀት የሚመጣን ተጠቃሚ የሚያስገባ ፕሮግራም በመጀመሪያ የእንግዳውን ቁጥር ወደ ስም፣ ቀጥሎም ያንኑ ስም ወደ ቁጥር በመለወጥ የሚያመሳክር ከሆነ ሁለት ፍለጋ ያካሂዳል፤ 5 ሲደመር 5 ደግሞ 10 ነው። በመግቢያችን የተጠቀሰው 10 ሰከንድ የመጣው ከዚህ ነው። ኦፕን ኤስኤስኤች የተባለው የርቀት መግቢያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 6.8ኛ ቅጂ ጀምሮ ካልታዘዘ በቀር ይህን ማመሳከሪያ አያደርግም፤ የኢሜይል ሰርቨሮች ግን ለእያንዳንዱ መልእክት የላኪውን ስምና አድራሻ ለማረጋገጥ ዛሬም ደጋግመው ስለሚጠይቁ፣ መዘግየቱ በእነርሱ ላይ ተደራርቦ ይታያል።

ከዚህ የምንማረው የመዘግየቱን ልክ መለካት ራሱ ምርመራ መሆኑን ነው። መዘግየቱ 5፣ 10፣ 15 እያለ በ5 ብዜት የሚሄድ ከሆነ ከተጻፉት ሰርቨሮች አንዱ ድምፁን አጥፍቷል ማለት ነው። ሁለቱም ከጠፉ ፍለጋው 20 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይከሽፋል። በአንጻሩ ፍለጋው ያለ አንዳች ቆይታ ወዲያውኑ ከከሸፈ መንገዱ ክፍት ነው፤ የተጠራው አገልግሎት ግን በቦታው የለም፣ ወይም የመጣው መልስ እምቢታ ነው። ለምሳሌ በብዙ ዘመናዊ የሊነክስ ሥርዓቶች ፋይሉ 127.0.0.53 የሚል አድራሻ ይዞ ይገኛል፤ ይህ አድራሻ የራሱ የሰርቨሩ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው የስም አገልግሎት ሲቆም ውድቀቱ ፈጣን ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ የተሳሳተ ግንዛቤ ማረም ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሰርቨር የመጀመሪያው ዝም ሲል የሚጠራ ተተኪ ነው እንጂ ሁለተኛ አስተያየት ሰጪ አይደለም። የመጀመሪያው «ይህ ስም የለም» ብሎ ከመለሰ ጠያቂው መልሱን ተቀብሎ ያቆማል። ስለዚህ የተቋሙን የውስጥ ስሞች የሚያውቅ ሰርቨርንና ስለ ውስጥ ስሞች የማያውቅ የውጭ ሰርቨርን በአንድ ዝርዝር መቀላቀል አደገኛ ነው። የውስጡ ሰርቨር ለአፍታ በዘገየ ቁጥር ጥያቄው ወደ ውጭ ይሻገራል፤ የውጭው ሰርቨርም የውስጥ ስሙን «የለም» ይላል። አንዳንዴ የሚሠራ፣ አንዳንዴ የማይሠራ ሥርዓት ሲያጋጥም በቅድሚያ መመርመር ያለበት ይህ ነው።

አራት መልሶችና አንድ ዝምታ

«ዲግ» በሚባለው መሣሪያ አንድን ሰርቨር በቀጥታ ስንጠይቅ የምናገኘው ውጤት በአምስት ይከፈላል። እነዚህን ሳይለዩ «ዲኤንኤስ አልሠራም» ማለት፣ ሐኪም የሕመሙን ዓይነት ሳይጠይቅ «ታመዋል» እንደሚለው ነው።

አንደኛው «ስሙ የለም» የሚል ነው። ይህ የተረጋገጠ መልስ ነው፤ ሰንሰለቱ እስከ ባለቤቱ ድረስ ሠርቷል ማለት ነው። የፊደል ግድፈት፣ ያልተመዘገበ ስም ወይም ከላይ እንደተገለጸው የተሳሳተ ሰው መጠየቅ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ባዶ መልስ ነው። ስሙ አለ፤ የተጠየቀው ዓይነት መረጃ ግን አልተመዘገበም። ለምሳሌ ተቋሙ የድረ ገጽ አድራሻ አስመዝግቦ ኢሜይል የሚቀበለውን ሰርቨር ሳያስመዘግብ ሲቀር እንዲህ ያለ መልስ ይመጣል።

ሦስተኛው «ጠይቄ ልጨርስ አልቻልሁም» የሚል ነው። ፈላጊው ሰርቨር በሕይወት አለ፤ ከእርሱ ባሻገር ያለው ግን አልሠራለትም። ባለቤት ሰርቨሮቹ ጠፍተው ሊሆን ይችላል፤ ወይም የመልሱን እውነተኛነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፊርማ አልተመሳከረም። ፊርማዎች የሚጸኑት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ፊርማ የሚያመሳክር ሰርቨር ሰዓቱ ትክክል መሆን አለበት። ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ጊዜ የሰዓት ባትሪው ያለቀበት ሰርቨር ወደ ቀድሞ ዘመን ተመልሶ ቢነሣ ጤናማ ፊርማዎችን ሁሉ ውድቅ ያደርጋል። ይባስ ብሎ ሰዓቱን የሚያስተካክልለትን ሰርቨር በስም የሚፈልግ ከሆነ ስሙን ለማግኘት ሰዓት፣ ሰዓቱን ለማግኘት ስም ያስፈልገዋል። በዚህ ጊዜ መፍትሔው ሰዓቱን በእጅ ማስተካከል ነው።

አራተኛው «ለአንተ አልመልስም» የሚል እምቢታ ነው። ፈላጊ ሰርቨሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግሉት የተፈቀደላቸውን አድራሻዎች ብቻ ነው። ሰርቨሩ ወደ ሌላ የኔትወርክ ክፍል ተዛውሮ የፈቃዱ ዝርዝር ሳይታደስ ሲቀር ይህ ያጋጥማል።

አምስተኛው ዝምታ ነው። ዝምታ ከስሙ ይልቅ ስለ መንገዱ የሚናገር ምልክት ነው፤ ሰርቨሩ ጠፍቷል፣ ኬብሉ ተቋርጧል፣ ወይም ፋየርዎሉ በ53 ቁጥር በር የሚያልፈውን ጥያቄ አግዷል።

በቅደም ተከተል መመርመር

ምልክቶቹን ካወቅን በኋላ ምርመራው ከቅርብ ወደ ሩቅ ይሄዳል።

1. ችግሩ የስም ነው ወይስ የመንገድ? በቅድሚያ አንድ የታወቀ ሰርቨር በቁጥር አድራሻው ይጠራ። በቁጥርም ካልተገኘ ችግሩ የስም ላይሆን ይችላልና በመጀመሪያ ኔትወርኩ ይፈተሽ።

2. ፕሮግራሞቹ የሚያዩትና «ዲግ» የሚያየው አንድ ነው? «ዲግ» በቀጥታ ሰርቨሩን ይጠይቃል፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ግን አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ በሰርቨሩ ላይ ያለውን የሆስትስ ፋይል ያነባሉ። ስለዚህ በፕሮግራሞቹ መንገድ የሚሄደው «ጌትኤንት» የተባለ መሣሪያም መሞከር አለበት። ሁለቱ የተለያየ መልስ ከሰጡ ጥፋቱ ከሰርቨሩ ውጭ አይደለም፤ በሆስትስ ፋይል ወይም የፍለጋውን ቅደም ተከተል በሚወስነው ፋይል ውስጥ ነው።

3. የተጻፉት ፈላጊ ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይጠየቁ። መልሳቸውም፣ የወሰደባቸውም ጊዜ ይመዝገብ። አንዱ ብቻ ከዘገየ ወይም የተለየ መልስ ከሰጠ ተጠርጣሪው ታውቋል።

4. ባለቤቱ ሰርቨር ራሱ ይጠየቅ። ባለቤቱ ትክክለኛውን ሲናገር ፈላጊው የቀድሞውን የሚናገር ከሆነ፣ ምናልባት በጊዜያዊ ማስታወሻ የተያዘው መልስ ዕድሜው አላለቀም ይሆናል።

5. ረጅም መልሶችም ይሞከሩ። ጥያቄና መልስ በአብዛኛው የሚጓዙት ዩዲፒ በተባለው ቀላል የመልእክት ስልት ነው፤ መልሱ ሲረዝም ግን ወደ ቲሲፒ ይዛወራል። ፋየርዎሉ የመጀመሪያውን ፈቅዶ ሁለተኛውን ከከለከለ አጫጭር መልሶች ያልፋሉ፣ ረጃጅሞቹ ይቀራሉ።

ጥፋቱ ከተገኘ በኋላም ፋይሉን ከማረም በፊት አንድ ጥያቄ አለ፤ የፋይሉ እውነተኛ ጸሐፊ ማን ነው? በብዙ ሰርቨሮች ላይ «ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ»ን የሚጽፈው የኔትወርክ ቅንብሩን የሚያስተዳድር ሌላ ፕሮግራም ነው። በእጅ የተደረገው እርማት ዛሬ ቢሠራም ሰርቨሩ በሚቀጥለው ጊዜ ተነሥቶ ቅንብሩን ሲያድስ ይጠፋል። ስለዚህ እርማቱ መደረግ ያለበት በአስተዳዳሪው ፕሮግራም ውስጥ ነው። ከዚህም ሌላ ለረጅም ጊዜ ሳይቋረጡ የሚሠሩ ፕሮግራሞች የቀድሞውን ቅንብር እንደያዙ ሊቆዩ ስለሚችሉ እነርሱን ማስነሣት ያስፈልግ ይሆናል።

የስሙ ባለቤት ሲሳሳት

እስካሁን የተመለከትነው በጠያቂው ወገን ያለውን ነው። የተቋሙን ስሞች በሚመዘግበው ባለቤት ሰርቨር ላይም የሚደጋገሙ ስሕተቶች አሉ። በመዝገቡ ላይ ለውጥ ሲደረግ ተከታታይ ቁጥሩ ካላደገ፣ ቅጂውን የሚይዙት ረዳት ሰርቨሮች ለውጥ መኖሩን አያውቁም፤ በዚህም የተነሣ ከዋናው የጠየቀ አዲሱን፣ ከረዳቱ የጠየቀ አሮጌውን ያገኛል። እንዲሁም በመዝገቡ ውስጥ ሙሉ ስም ሲጻፍ በመጨረሻው ላይ ነጥብ ካልተደረገ፣ ሰርቨሩ የዶሜይኑን ስም መልሶ ይቀጥልበታልና ስሙ የአያቱን ስም ሁለት ጊዜ እንደያዘ ሰው ይሆናል።

የጊዜው ጉዳይም ልብ ሊባል ይገባል። ሰርቨር ወደ አዲስ አድራሻ ሲዛወር የመልሱ ዕድሜ 86,400 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቀን ሆኖ የተመዘገበ ከሆነ፣ የቀድሞውን አድራሻ የያዙ ፈላጊ ሰርቨሮች እስከዚያ ድረስ ተጠቃሚዎችን ወደ ባዶ ቤት ሊልኩ ይችላሉ። ስለዚህ ከዝውውሩ ቢያንስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ዕድሜውን ወደ 300 ሰከንድ ማሳጠር ብልኅነት ነው። «ስሙ የለም» የሚለው መልስም ቢሆን በማስታወሻ ይያዛል። አዲስ ስም ሳይመዘገብ ቸኩሎ መሞከር የ«የለም» መልስን አስይዞ፣ ስሙ ከተመዘገበ በኋላም ለጊዜው እንዳይገኝ ያደርጋል።

ስለ አቋራጭ መፍትሔ

በችግር ጊዜ ብዙዎች የሚወስዱት አቋራጭ የጠፋውን ስምና ቁጥር በሆስትስ ፋይል ውስጥ በእጅ መጻፍ ነው። ይህ ሥራን ለሰዓታት ለማስቀጠል ይረዳል፤ የሰርቨሩን የራሱን ስም በዚያ መመዝገብም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የሌሎችን አድራሻ በዚያ ጽፎ መርሳት ዕዳ ማቆየት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ሌላው ሰርቨር አድራሻውን ሲለውጥ ዓለም ሁሉ አዲሱን ሲያውቅ ይህ አንድ ሰርቨር ብቻ አሮጌውን ይዞ ይቀራል፤ ጽሑፉን ያሰፈረው ባለሙያም ምናልባት ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ አቋራጩ ምልክቱን ስለሚሸፍን ዋናው ጥፋት ሳይታረም ይኖራል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መስመር ሲጻፍ ምክንያቱና የሚነሣበት ቀን ከጎኑ ይመዝገብ።

ከትልልቆቹ መስተጓጎሎች

ይህ ችግር የአነስተኛ ተቋማት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ስድስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ከኢንተርኔት ጠፍተው ነበር። ለጥገና የተሰጠ ትእዛዝ የኩባንያውን የመረጃ ማዕከሎች የሚያገናኘውን ዋና መስመር አቋረጠ። የስም ሰርቨሮቹ ራሳቸው ጤነኞች ነበሩ፤ ነገር ግን ከማዕከሎቹ ጋር መገናኘት ሲያቅታቸው ወደ እነርሱ የሚያደርሰውን መንገድ ከኢንተርኔት እንዲያነሡ ሆነው ተሠርተው ስለነበር የሚደርስባቸው ጠፋ። ባለሙያዎቹ ችግሩን ለማረም የሚጠቀሙባቸው የውስጥ መሣሪያዎችም አብረው መታወካቸው ጥገናውን አዘገየው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ደግሞ በአማዞን የሰሜን ቨርጂኒያ ቀጣና ውስጥ የስም መዝገቦችን የሚያድሱ ሁለት ራስ ሠር ፕሮግራሞች ተሻምተው፣ የአንድ ቁልፍ የመረጃ ቋት አገልግሎት ስም አድራሻ አልባ ሆኖ ቀረ። ከላይ ሁለተኛ ያልነው ባዶ መልስ ይህ ነው። የመረጃ ቋቱ በቦታው ቢኖርም የሚያገኘው ስላልነበረ በእርሱ ላይ የተመሠረቱ እጅግ ብዙ አገልግሎቶች ተስተጓጉለዋል።

ማጠቃለያ

የስም ፍለጋ ሌሎች አገልግሎቶች ሁሉ የሚቆሙበት መሠረት በመሆኑ ሲታወክ ጉዳቱ የሚታየው በራሱ ስም ሳይሆን በኢሜይሉ፣ በድረ ገጹና በመግቢያው መዘግየት ነው። ስለዚህ ባለሙያው አዲስ መሣሪያ ከመግዛቱና የሚሠራውን ከማፍረሱ በፊት መዘግየቱን ይለካ፤ የመልሱን ዓይነት ይለይ፤ ከዚያም ሰንሰለቱን ከቅርብ ወደ ሩቅ ይከተል። ከዚህ በተጨማሪ እያንዳንዱ ተቋም የዋና ዋና ሰርቨሮቹን የቁጥር አድራሻና የአሁኑን ጤናማ ቅንብር በወረቀት ጽፎ በሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ቢያኖር ይጠቀማል። ስሞች ሁሉ በጠፉበት ሰዓት በኔትወርኩ ላይ የተቀመጠ ሰነድ ሊከፈት አይችልምና።